«ፍሬ» የሚለው ቃል እና የግቢያችን ፕሪም

ለብዙ ዓመታት በጉባኤ «ፍሬ» የሚለው ቃል ሲነሣ አንገታችንን እንደፋ ነበር። ሰባኪው የሚናገረው ስለ መንፈስ ፍሬም ይሁን ስለ ወንጌል ሥራ፣ በእኛ ጆሮ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከተጋባን አሥራ አራት ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ የለንም። በአማርኛችን ደግሞ «አፈራ» እና «አፈረ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ይህን አንድ ቀን ስንቀልድ ነው ያስተዋልነው፤ ቀልዱ ግን ብዙ አላሳቀንም።

ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ አንድ የፕሪም ዛፍ ነው። ሰዎች ዛፉንና እኛን አንድ አድርገው ስላዩን፣ እኛም ራሳችን ለረጅም ጊዜ መለየት ስላቃተን፣ ሁለቱን እየለየን ልንጽፍ ወደድን። በተመሳሳይ ጥበቃ ውስጥ ያላችሁ ወገኖች ታነቡት ይሆናል። ፕሪም መትከል ብቻ የምትፈልጉም ብትሆኑ የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡበትም።

ዛፉ ስጦታ ነው። እዚህ ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቤት በገዛን ዓመት የቤት ኅብረታችን ወገኖች በጥር ወር በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ግንድ ይዘው መጡ። በዚህ አገር የፍራፍሬ ዛፍ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት ጊዜ አፈር በሌለው ሥሩ ይሸጣል። ሲያዩት ዱላ ነው፤ ይበቅላል ብሎ ለማመን ትንሽ እምነት ይጠይቃል። በመለያ ወረቀቱ ላይ «ሳትሱማ፣ የጃፓን ፕሪም» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በሚታየው ግቢ ተከልነው። ከወንድሞች አንዱ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ዛፉንም ባለቤቶቹንም በፍሬ ባረከ። ሁላችን አሜን አልን። እውነት ለመናገር በዚያን ቀን ደስ ብሎን ነበር።

የጃፓን ፕሪም ይባል እንጂ የዘር አገሩ ቻይና ነው። በጃፓን ለብዙ ዘመን ሲለማ ኖሮ ወደ አሜሪካ የገባው ከዚያ ስለሆነ ስሙ በዚያው ቀረ። እዚህ በሰፊው ያስተዋወቀው ሉተር በርባንክ የተባለ አትክልተኛ ነው። ይህ ሰው ከእኛ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በሚርቀው በሳንታ ሮዛ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ከጃፓን 12 የፕሪም ችግኞች አስመጣ፤ ሳትሱማም ከእነዚያ መካከል የተገኘ ነው። በኋላ ዘር ከዘር እያዳቀለ በ1906 በከተማው ስም የሰየመውን «ሳንታ ሮዛ» ፕሪም አወጣ። ዛሬ በየምግብ ቤቱ የምንበላው ረጃጅሙ የድንች ጥብስ በአብዛኛው የሚሠራበት ድንችም መነሻው የእርሱ ነው። በርባንክ በእምነት ከእኛ ጋር የሚስማማ ሰው አልነበረም፤ በሞተበት በ1926 ራሱን የማያምን ብሎ በጋዜጣ በመናገሩ ብዙ ክርስቲያኖችን አስቆጥቶ ነበር። እኛ ግን ፕሪሙን በልተን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። የሰማይ አባት ዝናቡን ሲያዘንብ የሃይማኖት መታወቂያ አይጠይቅም።

ስለ አስተዳደጉ ብዙ አናስረዝም። እንደ ተተከለ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ስጦታውን ያመጡት ወገኖች በሳምንቱ መጥተው ሲያዩት «ምነው ገደላችሁት?» አሉ፤ ዛፉ ዝቅ ብሎ ሦስት አራት ጠንካራ ቅርንጫፍ እንዲያወጣና መሀሉ እንደ ጽዋ ክፍት እንዲሆን ነው። የዚህ ከተማ በጋ 38 ዲግሪ ማለፍ አይከብደውምና ግንዱ በፀሐይ እንዳይቃጠል የቤት ነጭ ቀለም ከእኩል ውኃ ጋር ቀጥነን ቀባነው። እናታችን ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ይህን አይተው «ዛፍ ትቀባላችሁ፣ አጥሩ ግን ቀለሙ ለቅቋል» ብለው ስቀውብናል። ውኃውን በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል። ደግሞም የጃፓን ፕሪም ሽቅብ መሮጥ የሚወድ ዛፍ ነውና መግረዝ ይፈልጋል፤ ካልተገረዘ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍሬው የወፍ ብቻ ይሆናል።

መግረዝ ካልን አይቀር፦ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እስራኤል ወደ ምድሪቱ ገብተው የፍሬ ዛፍ ሲተክሉ ፍሬውን ሦስት ዓመት ያልተገረዘ አድርገው እንዲቆጥሩትና እንዳይበሉት ታዘዋል። የአራተኛው ዓመት ፍሬ ለእግዚአብሔር ምስጋና የተቀደሰ ነው፤ ሰው የሚበላው በአምስተኛው ነው። ይህን ክፍል ቀድሞ በንባብ ፕሮግራማችን ላይ በፍጥነት ነበር የምናልፈው። ዛፍ ከተከልን በኋላ ግን አቆመን። ሕጉን የሰጠው አምላክ የፍሬ ዛፍ እስኪጠነክር ስንት ዓመት እንደሚወስድበት ያውቃል! ፕሪምም ከተተከለ በኋላ በደንብ ለማፍራት ሦስት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በሰላም ጠበቅን።

በሦስተኛው ዓመት ጥቂት አበባ አየን። በአራተኛው ዓመት የካቲት ላይ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ፎቶ ያነሣ ነበር። የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ አረንጓዴ ነገሮች ከአበባው ሥር ብቅ አሉ። ከዚያ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆነው አንድ በአንድ ረገፉ። አንድም አልቀረ። ውርጭ አልነበረም፤ ተባይም አላየንም። በአምስተኛው ዓመትም እንዲሁ ሆነ።

በዚያው አምስተኛ ዓመት ሐኪም ቤት መመላለሱን አቆምን። ሦስት ጊዜ ሞክረናል። ገንዘቡም አለቀ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን ከሁለታችን ውስጥ የሆነ ነገር አልቆ ነበር። የሰጡን የመጨረሻ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚል ነው። ይህ በሕክምና የታወቀ ስያሜ ነው፤ መርምረው መርምረው ምንም ጉድለት ሳያገኙ ሲቀሩ የሚሰጡት ስም።

በዚያ ሰሞን አንድ እንግዳ አገልጋይ ከሉቃስ 13 ሰበከ። በወይን አትክልት መካከል ስለ ተተከለችው በለስ፣ ባለቤቱም ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት። ስብከቱ ሲያልቅ ፍሬ የሚጠብቁ እንዲቆሙ ተጠየቀ። እኛ ሳንቆም ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ከኋላችን እጅ ትከሻችን ላይ ዐረፈ። የጸለዩልን በፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ከአገልግሎቱ በኋላ ደግሞ አንዲት የምንወዳት እህት ለብቻችን ጠርታ፣ በቤታችን የተሸሸገ ነገር ካለ እንድንፈትሽ በለሆሳስ ነገረችን። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጌታን የጠየቁትን ጥያቄ ነበር የጠየቀችን። ጌታ ለዚያ ጥያቄ ምን እንደመለሰ ዮሐንስ 9 ላይ አለ፤ በዚያች ቀን ግን አፋችን አልተከፈተም።

ቤት እንደደረስን ከሁለታችን አንዳችን (የትኛችን እንደሆንን አንናገርም) ከመኪናው ወርዶ ዛፉ ፊት ቆመና «ይቆረጥ» አለ። ሌላችን ዝም አለ። ያ ዝምታ ለሦስት ቀን ቆየ። በእኛ ትዳር ሦስት ቀን ብዙ ነው። በመጨረሻ ዝም ያለው ተናገረ፦ «በምሳሌው ውስጥ የሚቆረጥ የሚል ብቻ አይደለም ያለው። አትክልተኛም አለ።»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ እናስበዋለን። ያ ምሳሌ ሲሰበክልን ሁልጊዜ እኛን በለሷ ያደርጉናል። በታሪኩ ውስጥ ግን ከበለሷ ጎን ቆሞ አንድ ዓመት የሚለምን፣ ዙሪያዋን ልኮትኩት፣ ፍግ ላድርግ የሚል ሰው አለ። በዚያ ላይ ጌታ ታሪኩን አልጨረሰውም። በለሷ አፈራች አላለም፤ ተቆረጠችም አላለም። ሰው ሁሉ በራሱ መንገድ ይጨርሰዋል፤ ጌታ ግን ክፍት ትቶታል። ዛፉን ሳንቆርጠው ቀረን። ኮትኩተን ፍግም አደረግን። በሚቀጥለው የካቲት እንደገና ሊያብብ እምቡጥ ያዘ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን እንናገር። አራት መንገድ ያህል ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ውሻቸውን ይዘው በደጃችን የሚያልፉ፣ ወላጆቻቸው ከጃፓን የመጡ አረጋዊ ናቸው። ለዓመታት በእጅ ሰላምታ ብቻ እንተዋወቅ ነበር። ያን ጠዋት ቆሙና ዛፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁን። ሳትሱማ ነው፣ አበባ እንጂ ፍሬ አያውቅም አልናቸው። ቅርንጫፉን ሳብ አድርገው እምቡጦቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ዛፉ ምንም አልሆነም» አሉ። «ብቻውን ሆኖ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን ፕሪም ዓይነቶች በራሳቸው የአበባ ብናኝ አያፈሩም። ሳትሱማ ከእነዚህ አንዱ ነው። አጠገቡ በተመሳሳይ ሳምንት የሚያብብ ሌላ ዓይነት የጃፓን ፕሪም መኖር አለበት፤ ንቦች ከዚያኛው ወደዚህኛው ብናኙን ያመላልሱለታል። የአውሮፓ ፕሪም አይሆንለትም። ሁለተኛ ሳትሱማ ቢተከልም አይሆንም፤ ራሱ ከራሱ ጋር እንደማለት ነው። ሳንታ ሮዛ ግን ብቻውን የሚያፈራና ለሌሎችም የሚተርፍ ዛፍ ስለሆነ ጥሩ ጎረቤት ነው። በእኛ አካባቢ በቅርብ ያለ ግቢ ሁሉ ሎሚና ብርቱካን እንጂ ፕሪም አልነበረውም። ስለዚህ ያ ሁሉ አበባ፣ ያ ሁሉ ፍግ፣ ብቻውን ለውጥ ሊያመጣ አይችልም ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ አበባው ሲፈነዳ እኒህ ሰው በመኪናቸው ባልዲ ይዘው መጡ። በባልዲው ውኃ ውስጥ ከግቢያቸው የቆረጡት፣ ግማሹ የተከፈተ፣ ግማሹ ገና የሆነ የሳንታ ሮዛ አበባ ከነቅርንጫፉ አለ። በገመድ ዛፋችን መሀል ሰቀልነው። ንብ በብርድና በዝናብ አትወጣም፤ 13 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ብዙም አትበርም። ሁለት ቀን ደመና ነበረ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣችና ከመስኮት ሆነን ስንሰማ ዛፉ ይዘምር ነበር። ለሠፈራችን በየሐሙሱ እንጸልያለን፤ ጌታ በባልዲ እንደሚመልስልን አላሰብንም።

በሚያዝያ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ያዘ። ጎረቤታችን እንደገና መጡና መሳሳት አለበት አሉን፤ በአንድ ፍሬና በሌላው መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር። አለዚያ ፍሬው ጥቃቅን ይሆናል፣ ቅርንጫፍም ይሰበራል፣ ዛፉም ደክሞ የሚቀጥለውን ዓመት ሊዘል ይችላል። ይህ ጠንካራ ትምህርት ነበር። አምስት ዓመት ጠብቆ ያየውን አረንጓዴ ፍሬ በእጁ ቀጥፎ መሬት መጣል ለማንም አይቀልም፤ ለእኛ ደግሞ የባሰ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ወደ ቤት ገባ። ጎረቤታችን ምንም ሳይጠይቁ የቀረውን ራሳቸው ቀጠፉ፤ የረገፈውንም ከመሬት ለቅመው በላስቲክ ይዘው ሄዱ። በመሬት ተጥሎ እንዳናየው ይመስለናል። እስከ ዛሬ ለምን ልጅ እንደሌለን ጠይቀውን አያውቁም።

በሐምሌ 38 ፕሪም ተቀመጠ፤ ወፎች ሰባቱን ወሰዱ። ሳትሱማ ቆዳው ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ሲከፈት ውስጡ እንደ ደም ነው። የመጀመሪያውን ሳህን እንደ ሌዋውያን የምስጋና ፍሬ ልንቆጥረው ወደድን። ከዚያ ሕግ በታች እንዳልሆንን እናውቃለን፤ ደስ ስላለን ነው። ለቤት ኅብረታችን ወሰድነው።

እዚያ የሆነውን አንባቢዎቻችን ትገምታላችሁ። እልልታ! «ምልክት ነው! ዛፉ ቀደመ፣ ቀጥሎ የእናንተ ነው!» አንዱ በሚቀጥለው እሑድ ወጥተን እንድንመሰክር ጠየቀን። እኛ ግን ያን ቀን ተያይተን፣ በእርጋታ እንቢ አልን። ይህን ያልነው ተስፋ ቆርጠን፣ እግዚአብሔርም አይችልም ብለን አይደለም። የሣራን፣ የሐናን፣ የኤልሳቤጥን አምላክ እናውቀዋለን። ነገር ግን ዛፉ ያላፈራበት ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቱም ተገኝቶ መፍትሔ አገኘ። የእኛን ሐኪሞችም አላገኙትም። አንድ የፕሪም ዛፍ የራሱን ሥራ ሠራ፤ የእኛን ሸክም በእርሱ ላይ ጭነን፣ በሚቀጥለው ዓመት ባያፈራስ ምን ልንል ነው?

ይልቅ ለወገኖቻችን የነገርናቸው ስለ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ነው። ሉቃስ ስለ እነርሱ ሲጽፍ አስቀድሞ የሚለው ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ ነው። ልጅ እንዳልነበራቸው የሚነግረን ከዚያ በኋላ ነው። መልአኩ ገና አልመጣም፤ የዮሐንስ ስም ገና አልተነሣም። ጻድቃን የተባሉት ልጅ ሳይኖራቸው፣ በሸመገሉበት፣ በዚያው ባሉበት ነው። መልአኩ ባይመጣም ያ ቁጥር አይፋቅም። ከእህቶች አንዷ፣ ያቺው በለሆሳስ ያናገረችን፣ ፕሪሟን በእጇ እንደያዘች አለቀሰች። እርሷም የራሷ ሸክም ነበራት፤ ያን ማታ ነው የሰማነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። በተከታዩ ክረምት ጎረቤታችን ከሳንታ ሮዛቸው የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ጭራሮዎች ዛፉ ተኝቶ ሳለ ቆርጠው፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩ። እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር አመጡና የእኛን አንድ ቅርንጫፍ ሰንጥቀው በውስጡ ቀጠሉት፣ በላስቲክ አሰሩት። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ ዱር ወይራ የጻፈውን እያስታወስን ቆመን አየን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቢላዋው ግን አልሳተም።

ሲሠሩ ያወሩናል። አባታቸው በፕሌሰር አውራጃ የፕሪም እርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወደ 120,000 የሚሆኑ ሰዎች ከምዕራቡ ጠረፍ ተነሥተው በካምፕ ሲታጎሩ ቤተሰቡም ተወሰደ፤ እርሳቸው የተወለዱት በቱሊ ሌክ ካምፕ ነው። ሲመለሱ ዛፎቹ ሳይገረዙ ሦስት ዓመት ቆይተው ጫካ ሆነዋል። አባታቸው አልቆረጧቸውም። የበዛውን ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜም አላነሡም፤ ዛፍ ይደነግጣል ብለው በሦስት ክረምት ከፋፍለው ገረዟቸው። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። እንጸልይላቸዋለን፤ ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ ይበላሉ፤ የምንዘምረው ምን ማለት እንደሆነ አንዳንዴ ይጠይቃሉ፣ እንነግራቸዋለን።

ዘንድሮ የተቀጠለው ቅርንጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ። ባልዲ አላስፈለገም። የሳንታ ሮዛው ፍሬ በሰኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ እርሱን ለጎረቤታችን ይዘንላቸው ሄደናል፤ ጉልበታቸው ታምሞ አሁን በደጃችን አያልፉም። ሳትሱማው ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ነው። ቅርንጫፎቹን ከታች በእንጨት ደግፈናል፤ ሁለታችን በልተን የምንጨርሰው አይደለም። በሳክራሜንቶ አካባቢ ያላችሁ ዘንቢል ይዛችሁ ኑ። ቡና አለ፤ በቤታችን ማንም ሰው ስለ ልጅ አይጠየቅም።